«ከሕንፃ ስወጣ ሁልጊዜ ይዞርብኛል»፦ አቅጣጫ ለሚጠፋባት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜዬ 36 ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አቅጣጫ አላውቅም። አሥር ጊዜ የሄድኩበት ቦታ እንኳ በሌላ በኩል ከገባሁበት አዲስ ይሆንብኛል፤ ከአንድ ሕንፃ ስወጣ ደግሞ ሁልጊዜ የምታጠፈው ወደማይሆነው ጎን ነው። ስልኬ ካልመራኝ የትም አልሄድም፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ልቤ ይመታል። ይህ በሽታ ነው ወይ? በልምምድ ይሻሻላል ወይስ ተቀብዬው ልኑር? የስምንት ዓመት ልጄስ እንደ እኔ እንዳትሆን ምን ላድርግ?»

እንዲህ ያለ ችግር ይዘው የሚመጡ ሰዎችን አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ስላለ እርስዎንም በእሱ ልጀምር። ባለፈው ጊዜ መንገድ ሲጠፋብዎት፣ የት እንዳሉ በእርግጠኝነት ያውቁ የነበረበት የመጨረሻው ቦታ የት ነበር? ብዙ ሰው የሚነግረኝ ግራ የተጋባበትን ቦታ እንጂ ይህን አይደለም። ጉዞውን ወደ ኋላ እየተከተልን ስናየው ግን ስሕተቱ የተፈጠረው «ጠፋሁ» ከተባለበት ቦታ በጣም ቀደም ብሎ፣ ብዙውን ጊዜም በአንድ በር፣ በአንድ ደረጃ ወይም ወሬ እየተወራ በታለፈ አንድ መታጠፊያ ላይ ሆኖ ይገኛል። አቅጣጫ የሚጠፋው በመንገዱ ሁሉ ሳይሆን በጥቂት የታወቁ ቅጽበቶች ነው፤ እነዚህን ቅጽበቶች ለይቶ ያወቀ ሰው የተፈጥሮ ችሎታው ደካማ ቢሆንም ብዙም ሳይቸገር ወደፈለገበት ሊደርስ ይችላል።

«በሽታ ነው ወይ?» ላሉት መልሱ በአብዛኛው አይደለም የሚል ነው። አቅጣጫን የማወቅ ችሎታ በጤነኞች መካከል እንኳ ከሰው ሰው በእጅጉ ይለያያል። ቶሩ ኢሺካዋና ዳንኤል ሞንቴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጥናቱን ተሳታፊዎች በሳምንት አንድ ቀን ለአሥር ሳምንት በማያውቁት ሰፈር በመኪና እየወሰዱ የቦታዎቹን አቀማመጥ ምን ያህል እንደያዙ መርምረዋል። አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ቀን ሰፈሩን በትክክል ያወቁት ሲሆን፣ ሌሎቹ በአሥረኛው ሳምንትም ከመጀመሪያው ቀን ብዙም ሳይሻሉ ቀርተዋል፤ ቀስ በቀስ የተሻሻሉት ጥቂቶች ነበሩ። ይህን የምነግርዎ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ «አሥር ጊዜ ሄጄ አላውቀውም» ሲሉ የሚሰማዎ ኀፍረት መሠረት የሌለው መሆኑን እንዲያውቁት ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጦ አሥር ጊዜ መመላለስ ብቻውን ለብዙ ሰው ምንም አያስተምርም።

ሰው ስለራሱ የሚሰጠው ግምትም ከንቱ አይደለም። ሜሪ ሄጋርቲና ባልደረቦቿ በ2002 ያወጡት አሥራ አምስት ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ሰዎች የአቅጣጫ ችሎታቸውን ራሳቸው እንዲመዝኑ የሚያደርግ ሲሆን፣ ሰዎቹ ለራሳቸው የሚሰጡት ነጥብ በተግባር ሲፈተኑ ከሚያሳዩት ውጤት ጋር በመጠኑ ይስማማል። ስለዚህ «ትኩረት ስለማትሰጪ ነው እንጂ ታውቂዋለሽ» የሚሉዎትን ሁሉ ማመን የለብዎትም። ልዩነቱ እውነተኛ ነው።

ከዚህ የሚለይ፣ ጥቂት ሰዎች ላይ የሚታይ ጠንካራ ሁኔታም አለ። ጁሴፔ ያሪያና ባልደረቦቹ በ2009 የገለጿት ሴት ምንም ዓይነት የአንጎል ጉዳት ሳይደርስባትና በሌላው ሁሉ እንደማንኛውም ሰው ሆና ሳለ፣ ለዓመታት በኖረችበት አካባቢ ሳይቀር ትጠፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ተለይተዋል። በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ወይም በየቀኑ በሚመላለሱበት መንገድ ላይ የሚጠፉ ከሆነ ከባለሙያ ጋር ቢነጋገሩ ጥሩ ነው፤ ከጥያቄዎ እንደምረዳው ግን እርስዎ እዚያ የደረሱ አይመስለኝም። ከልጅነት ጀምሮ የነበረ ድክመት አንድ ነገር ነው፤ መንገድ በደንብ ያውቅ የነበረ ሰው፣ በተለይም በዕድሜ የገፋ ሰው፣ በድንገት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ በሚያውቀው ቦታ መጥፋት ከጀመረ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ይህ የአልዛይመር በሽታ ቀደም ብሎ ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ሊሆን ስለሚችል፣ ጭንቅላት ላይ ከደረሰ አደጋ በኋላ ከመጣ ደግሞ ምክንያቱ ሊታወቅ ስለሚገባ፣ ሳይዘገዩ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ከሕንፃ ሲወጡ ለምን እንደሚዞርብዎ ለመረዳት አንጎል አቅጣጫን እንዴት እንደሚይዝ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ጆን ኦኪፍ በ1971 ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ አይጧ በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትገኝ ብቻ የሚነቃቁ የነርቭ ሕዋሳትን ለይቶ ገለጸ፤ ሜይ-ብሪት ሞሰርና ኤድቫርድ ሞሰር ከነባልደረቦቻቸው በ2005 ከሂፖካምፐስ አጠገብ ባለው ክፍል ውስጥ ቦታን እንደ መረብ እየከፋፈሉ የሚለኩ የሚመስሉ ሌሎች ሕዋሳትን አገኙ፤ ሦስቱም በ2014 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ጄምስ ራንክ በ1984 ያገኘው ሦስተኛ ዓይነት ሕዋስ ነው። ይህ ሕዋስ እንስሳው የትም ቦታ ይቁም የት፣ ራሱን ወደ አንድ የተወሰነ አቅጣጫ ሲያዞር ይነቃቃል። ኮምፓስ ይመስላል፤ ሆኖም እንደ ኮምፓስ ሰሜንን በማግኔት አያውቅም። በዋናነት የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ የውስጥ ጆሮ «አሁን ወደ ግራ ዞርን፣ አሁን ወደ ቀኝ» እያለ የሚልከውን መልእክትና ዓይን የሚያያቸውን ቋሚ ምልክቶች።

የጆሮው መልእክት በእያንዳንዱ መዞር ትንሽ ትንሽ ስሕተት ያጠራቅማል። ውጭ ሲሆኑ ዓይን ያን ስሕተት ሳይታወቅዎ ያርመዋል፤ መስኮት በሌለው ኮሪደር ውስጥ ሲዞሩ፣ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ በአሳንሰር ገብተው ፊትዎን ወደ በሩ ሲያዞሩ ግን የሚያርመው የለም። ስለዚህ ከሕንፃው ሲወጡ የውስጥ ኮምፓስዎ ተንሸራቶ ይቆይዎታል። አቅጣጫ የሚያውቅ የሚባለው ሰውም ይንሸራተትበታል፤ ልዩነቱ እሱ በሩን ሲያልፍ የሚያየው ነገር በልቡ ተቀርጾ ስለሚጠብቀው ኮምፓሱን በአንድ ቅጽበት ወደ ቦታው መመለሱ ነው። እርስዎ ግን ሲገቡ የተመለከቱት በሩን ነበር። ሲወጡ የሚገጥምዎ መንገዱ ነው፤ ያን ገጽታ ደግሞ ከዚህ በፊት አላዩትም።

መፍትሔውም ከዚሁ ይመጣል፤ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ብዙ ሰው እንዲንቀው ያደርገዋል። ወደ ማያውቁት ሕንፃ ከመግባትዎ በፊት በሩ ላይ ይቁሙ፤ ጀርባዎን ለበሩ ይስጡና ሲወጡ የሚያዩትን ነገር ለሦስትና ለአራት ሰከንድ ይመልከቱ። ከዚያም በቃል፣ ከተቻለም ድምፅ አውጥተው፣ «የመጣሁት በረጅሙ ዛፍ በኩል ነው» ብለው ለራስዎ ይናገሩ። «በቀኝ በኩል» አይበሉ። ቀኝና ግራ ከሰውነትዎ ጋር አብረው የሚዞሩ ስለሆኑ በሩን አልፈው ሲመለሱ ይገለበጣሉ፤ ዛፉ ግን አይገለበጥም። ለሚያምታታዎ ጊዜ የሚሆን አንድ የማይሻር ሕግም አለ። በመንገድ ዳር እየሄዱ ሳለ ወደ ሕንፃው የገቡት ወደ ግራ ታጥፈው ከሆነና የሚወጡት በዚያው በር ከሆነ፣ ጉዞዎን ወደፊት ለመቀጠል ሲወጡም ወደ ግራ ይታጠፋሉ፤ ወደ መጡበት ለመመለስ ደግሞ ወደ ቀኝ። በቀኝ ከገቡም እንዲሁ ነው፦ ለመቀጠል ያው ጎን፣ ለመመለስ ተቃራኒው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እግሩ አስቀድሞ በሚያውቀው ጎን ስለሚታጠፍ ነው። ሕጉ የሚፈርሰው በሌላ በር ከወጡ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ በላይ በር ባለው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ጉዳይዎን ከጨረሱ በኋላ መንገዱ የሚረዝም ቢሆንም እንኳ በገቡበት በር እንዲወጡ እመክራለሁ።

ሁለተኛው አደገኛ ቅጽበት መመለሻው ነው። የሄድንበትን መንገድ ስንመለስበት ያው መንገድ ነው ብለን እናስባለን፤ ለዓይን ግን ሌላ መንገድ ነው። ስንሄድ ፊት ለፊት ያየነው ግድግዳ ስንመለስ ከኋላችን ይቀራል፤ ስንሄድ እንደ አንድ መንገድ የታየን ስንመለስ ሁለት ሆኖ መንታ ይወጣዋል፤ ሲሄዱ ሳያስተውሉት በጎን የተቀላቀለው መንገድ ሲመለሱ ምርጫ ይሆናል። ጫካ ውስጥ ለሚሄዱ ሰዎች በየጊዜው ወደ ኋላ ዞሮ ማየትን የሚያስተምሯቸው ለዚሁ ነው፤ ምክሩ በከተማም እኩል ይሠራል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ፣ ከታጠፉ ከአምስት ከስድስት እርምጃ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ዞረው ይመልከቱ። ሰው ያየኛል ብለው አይጨነቁ፤ መንገድ ላይ ዞሮ የሚያይ ሰው ለማንም አይገርምም።

ምን ዓይነት ምልክት ይያዝ? በዚህ ጉዳይ ላይ ራሴን ልጥቀስ። ከዓመታት በፊት በማላውቀው ከተማ ከአንድ ሰፊ መንገድ ወደ ውስጥ የምታጠፍበትን ቦታ እንዳልረሳ ብዬ ከሩቅ በሚታይ የግንባታ ክሬን ምልክት አደረግሁ። ረጅም፣ ቢጫና ለዓይን ግልጽ ነበር። ማምሻውን ስመለስ ክሬኑ ክንዱን ወደ ሌላ በኩል አዙሮታል፤ የክንዱን አቅጣጫ ተከትዬ ሦስት መንገድ አልፌ ታጠፍኩ። ስለዚህ የምልክት ዋናው መመዘኛ መጉላቱ አይደለም፤ እዚያው መቆየቱና መንታ የሌለው መሆኑ ነው። የቆመ መኪና፣ ማስታወቂያ፣ የተሰበሰበ ሕዝብ ምልክት አይሆኑም፤ በአካባቢው አምስት ተመሳሳይ ያለው ሰማያዊ አጥርም አይሆንም። ድልድይ፣ ያረጀ ዛፍ፣ የተለየ ቅርጽ ያለው ጣሪያ፣ የመንገዱ ዳገት መጀመሪያ፣ እነዚህ ይሆናሉ። ዳገትና ቁልቁለት እግር የሚያስታውሳቸው ምልክቶች በመሆናቸው፣ ጨለማና ጭጋግም የማይሰርዛቸው በመሆናቸው፣ ከሁሉ አብልጬ እወዳቸዋለሁ።

ምልክቶችን በሁለት መክፈልም ይጠቅማል። ቅርብ ያሉት «እዚህ ታጠፊ» ይላሉ፤ ሩቅ ያሉት፣ ማለትም ተራራው፣ ረጅሙ ማማ፣ የወንዙ ሸለቆ፣ «ፊትሽ ወደዚህ ነው» ይላሉ። ሩቁ ምልክት ትንሽ ቢንቀሳቀሱም አቅጣጫው ብዙም ስለማይለወጥ የተንሸራተተውን የውስጥ ኮምፓስ ለማረም የተሻለው እሱ ነው። ቅርቡን ምልክት ደግሞ ለብቻው አይያዙት፤ ከሚያደርጉት ነገር ጋር ያስሩት። «ድልድይ አለ» ብሎ ማስታወስ ብዙ አይረዳም፤ «ድልድዩን ተሻግሬ ወዲያው ወደ ቀኝ» የሚለው ግን ይረዳል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላው ነገር አእምሯችን መንገዶችን ማቃናት መውደዱ ነው። ሰዎች በደንብ የሚያውቋቸውን መስቀለኛ መንገዶች ከትውስታቸው እንዲስሉ ሲጠየቁ፣ መንገዶቹ በ60 ወይም በ120 ዲግሪ የሚገናኙ ሆነው ሳለ ወደ 90 ዲግሪ አስጠግተው እንደሚስሏቸው በ1979 በታተመ ጥናት ታይቷል። ቀስ እያለ የሚታጠፍ ረጅም መንገድም እንዲሁ ያታልላል፤ በአንዴ ስለማይታጠፍ ቀጥ ብለን የሄድን ይመስለናል፤ መጨረሻው ላይ ግን ፊታችን ከጅምሩ ሩብ ዙር ዞሯል። «ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ታጥፌ የት እንደደረስኩ አላውቅም» የሚሉ ከሆነ ጥፋቱ ምናልባት የማስታወስ ችሎታዎ ሳይሆን የመታጠፊያዎቹ ቅርጽ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁልጊዜ የሚያሳስትዎ ቦታ ካለ በካርታ ላይ የመንገዱን ቅርጽ አንድ ጊዜ ይመልከቱት፤ ቅርጹን ማወቅ ብቻውን ለዓመታት የቆየን ግራ መጋባት ሲፈታ አይቻለሁ።

ግራ መጋባት ካልን ዘንድ፣ ቋንቋችን የሚያውቀውን ነገር ልጥቀስ። በአማርኛ አንድ ነገር አልገባን ሲል «ግራ ገባኝ» እንላለን፤ ግራና ቀኝ ጥሩ መሪዎች እንዳልሆኑ የሚነግረን ይመስላል። በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ኩዊንስላንድ የሚነገረው ጉጉ ዪሚቲር የተባለው ቋንቋ ተናጋሪዎች በልማድ ግራና ቀኝ ከማለት ይልቅ አጠገባቸው ያለን ዕቃ እንኳ በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ይገልጻሉ። እንዲህ ለመናገር የግድ ሁልጊዜ አቅጣጫን ይዞ መገኘት ያስፈልጋል፤ እነሱም ይዘው ይገኛሉ። እርስዎ ቋንቋዎን ይለውጡ አልልም። ነገር ግን አንድ መንገድ ብቻ፣ በየቀኑ የሚሄዱበትን ዋና መንገድ፣ ከየት ወደ የት እንደሚዘረጋ ይወቁ፤ «ይህ መንገድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው» ካሉ በኋላ ሌሎቹን ከእሱ ጋር እያነጻጸሩ ያስቀምጧቸዋል። ፀሐይ በጠዋት በምሥራቅ በኩል፣ በማታ በምዕራብ በኩል መሆኗን፣ ጥላም ከእሷ በተቃራኒ መውደቁን መጠቀም ይችላሉ፤ እኩለ ቀን አካባቢ ግን እንደየቦታውና እንደየወቅቱ ስለምትለያይ አይመኑባት። በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል የምትጓዝ በመሆኗም ከሁለት ሰዓት በፊት ያዩት ጥላ አሁን ያው አይደለም።

ከውጭ የሚመጣ ምልክት ምን ያህል እንደሚያስፈልገን ያን ሱማንና ባልደረቦቹ በ2009 ግልጽ አድርገውታል። በጀርመን ጫካና በቱኒዚያ በረሃ ሰዎች ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አዘው ሲከታተሏቸው ፀሐይ ወይም ጨረቃ እየታየች ሳለ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ስትሸፈን ግን ሳያውቁት እየዞሩ የራሳቸውን መንገድ መልሰው ያቋርጣሉ። ዓይናቸው የተሸፈነ ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ስፋቷ እስከ 20 ሜትር ድረስ በምትጠብ ክብ ውስጥ ተሽከርክረዋል፤ እነሱ ግን ቀጥ ብለው የሚሄዱ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ «ውስጤ የሚነግረኝ አቅጣጫ የለም» ሲሉ ያልተጎናጸፉት ስጦታ ያለ አይምሰልዎ፤ ማንም ሰው ያለ ምልክት አይዘልቅም።

ስለ ስልኩ አሁን ልናገር፤ ተዉት አልልዎትም። ሉዊዛ ዳህማኒና ቬሮኒክ ቦቦ በ2020 ባሳተሙት ጥናት ጂፒኤስን አብዝተው የተጠቀሙ ሰዎች ያለ ጂፒኤስ መንገድ ሲፈልጉ የቦታ ትውስታቸው ደካማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና በተፈተኑት ላይም የአጠቃቀሙ መብዛት ከትውስታው መቀነስ ጋር አብሮ ታይቷል። ዳግም የተፈተኑት ጥቂቶች በመሆናቸው ከዚህ ብዙ ባንጭንበት ይሻላል፤ የሚያሳየው ዝንባሌ ግን በሥራዬ ከማየው ጋር ይስማማል። ስልኩ «ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ወደ ግራ» ሲልዎ የሚታዘዙት እግርዎ ነው፤ አእምሮዎ ሥራ አልተሰጠውም። እንግዲህ ሥራ ይስጡት። ከመነሳትዎ በፊት መንገዱን በሙሉ አሳንሰው አንድ ደቂቃ ይመልከቱት፤ መድረሻው ካለሁበት በየት በኩል ነው፣ በየትኛው ትልቅ መንገድ አልፋለሁ፣ ስንት ጊዜ እታጠፋለሁ የሚለውን ብቻ ይያዙ። ካርታው ከእርስዎ ጋር አብሮ እንዳይዞር፣ ላዩ ሁልጊዜ ሰሜን እንዲሆን አድርገው ያስተካክሉት፤ መጀመሪያ ይከብዳል፤ ነገር ግን ሰፈሩ በልብዎ አንድ ቋሚ ቅርጽ የሚይዘው እንዲህ ሲሆን ነው። ድምፁን ዘግተው መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር አስቀድመው ይገምቱ፤ ከዚያ ስልኩን ይመልከቱ። ግምትዎ ሲሳሳት የሚማሩት ሲሳካ ከሚማሩት ይበልጣል። መመለሻውን ደግሞ፣ ጊዜ ባለዎት ቀን፣ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ አድርገው ይሞክሩት።

በቸኮሉበት፣ በመሸበት ወይም ለደኅንነትዎ በሚሰጉበት ጊዜ ግን ስልኩ እንደፈለገ ይምራዎት። ልምምድ ለዚያ ቀን አይደለም።

ልምምድ አንጎልን ሊለውጥ እንደሚችል ከሚያሳዩት ማስረጃዎች የታወቀው የለንደን ታክሲ ነጂዎች ጉዳይ ነው። እነዚህ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶችን በቃላቸው መያዝ አለባቸው፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። ኤሊኖር ማግዋየር በ2000 ባሳተመችው ጥናት የነጂዎቹ ሂፖካምፐስ የኋላ ክፍል ከሌሎች ሰዎች ተልቆ ተገኘ። «እንዲህ ሆነው የተፈጠሩ ሰዎች ሥራውን መርጠውት ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ግን አልተመለሰም ነበር፤ በ2011 ሠልጣኞች ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ሲመረመሩ ለውጡ የታየው ተምረው ባለፉት ላይ ብቻ ሆነ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በመካከሉ በ2006 የወጣው ነው፦ በዚያው ከተማ በተወሰነ መስመር የሚመላለሱ የአውቶቡስ ነጂዎች ያን ለውጥ አላሳዩም። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ይነዳሉ፤ የሚለያዩት አንዱ መንገዱን ራሱ የሚመርጥ፣ ሌላው የተመረጠለትን የሚከተል በመሆናቸው ነው። እርስዎ እንደ ታክሲ ነጂዎቹ ይሆናሉ ብዬ ቃል አልገባም፤ ከስልኩ ጋር ያለዎት ግንኙነት ግን የአውቶቡስ ነጂውን ይመስላል።

ሰው መጠየቅም የራሱ ዘዴ አለው። የተጠየቀው ሰው አካባቢውን ስለሚያውቀው አምስት መታጠፊያዎችን በአንድ ትንፋሽ ይነግርዎታል፤ እርስዎ የሚይዙት ሁለቱን ነው። ስለዚህ እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ብቻ ይጠይቁ፤ የተነገርዎትን ፊቱ ላይ መልሰው ይንገሩት፤ ከዚያም ብዙ ሰው የማይጠይቀውን ጥያቄ ያክሉበት፦ «ቦታውን ሳላውቅ ካለፍኩት ምን አገኛለሁ?» ለዚህ የሚሰጥዎ መልስ ሳይታወቅዎ ብዙ ርቀት እንዳይሄዱ የሚያቆምዎ አጥር ይሆናል።

ሲጠፉ ደግሞ ይቁሙ። ልብዎ ሲመታ እግር ይፈጥናል፤ የፈጠነ እግር ደግሞ ከሚያውቁት ቦታ ይበልጥ ያርቅዎታል። መጥፋትን የሚፈሩ ሰዎች አቅጣጫን በመያዝም እንደሚደክሙ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ ለመለየት ቢያስቸግርም እርስ በርስ መመጋገባቸው አያጠራጥርም፤ የተጨነቀ ሰው ዓይኑ ምልክት አይፈልግም፤ መውጫ ይፈልጋል። ቁመው በመጀመሪያ ያነሳሁትን ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፦ በእርግጠኝነት ያወቅሁት የመጨረሻው ቦታ የትኛው ነው? እዚያ ድረስ ይመለሱ። አቋራጭ አይፈልጉ፤ አቋራጭ የሚያውቅ ሰው ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የባትሪውን ፍርሃት ለማቅለል የሚሄዱበትን አድራሻና የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ብዙዎች ወረቀቱን አንድም ቀን ሳያወጡት፣ መያዛቸው ብቻ ሲያረጋጋቸው አይቻለሁ።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ይህ ችሎታ በተፈጥሮም በአስተዳደግም የሚቀረጽ ይመስላል። ሂዩጎ ስፓየርስና ባልደረቦቹ በስልክ በሚጫወቱት ጨዋታ አማካይነት ከ38 አገሮች ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተውንና በ2022 የታተመውን ጥናት ሲሠሩ፣ ከከተማ ውጭ ያደጉ ሰዎች በአማካይ የተሻለ አቅጣጫ እንደሚይዙ፣ መንገዶቿ እንደ መረብ ቀጥ ባሉ ከተማ ያደጉት ደግሞ በተወሳሰቡ ቦታዎች እንደሚደክሙ አግኝተዋል። ልጅ የተወሳሰበ ቦታን ራሷ ስትፈታው የምትማረው አንድ ነገር እንዳለ ይህ ይጠቁማል። እርስዎ መንገድ ስለማያውቁ እሷን ማስተማር የሚችሉ አይመስልዎትም ይሆናል፤ ማስተማር ግን አይጠበቅብዎትም። አብራችሁ ወደምታውቁት ቦታ ስትሄዱ በመመለሻው እሷ ትምራ፤ እጇን ይያዙ እንጂ አይጎትቷት። ስትሳሳት ወዲያው አያርሟት፤ ለአደጋ እስካላጋለጣት ድረስ ሁለት መታጠፊያ ያህል ትሂድና «ይህን ዛፍ ስንመጣ አይተነዋል?» ብለው ይጠይቋት። አላየነውም ካለች የት ላይ እንደተሳሳተች ራሷ ትፈልግ። እርስዎም ከእሷ ጋር ይፈልጉ፤ ያን ጊዜ ሁለታችሁም ስለማታውቁት ማን ማንን እንደሚያስተምር አይለይም።